ማታ የሚያንኮራፋው ልጅ ቀን ለምን ያኮርፋል?

የዛሬ ሁለት ዓመት ለገና በዓል ቤታችን በእንግዳ ተጨናንቆ ነበር። ዘመዶች ከገጠር ስለመጡ አልጋው ሁሉ ተያዘ። የ8 ዓመቱ የልጅ ልጄም ከእኔ ጋር እንዲተኛ ተደረገ። እኔም ደስ አለኝ። ልጁና ወላጆቹ ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ ቢኖሩም፣ ሕፃንነቱ ካለፈ ወዲህ አብረን ተኝተን አናውቅም።

መብራቱን እንዳጠፋሁ እንቅልፍ ወሰደው። ጥቂት ቆይቶም ማንኮራፋት ጀመረ። ይህ ለቤተሰባችን አዲስ ነገር አልነበረም። አያቱ «አይ ይሄ ልጅ፣ እኔን እኮ ነው የወጣው!» እያለ ይስቅ ነበር፤ እኔም አብሬው እስቅ ነበር። ያን ሌሊት ግን ጎኔ ስለነበረ እንቅልፍ ነሳኝ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ማንኮራፋቱ በድንገት ቆመ። «ተገላገልኩ» ብዬ ዐይኔን ልከድን ስል አንድ ነገር ከነከነኝ። የቆመው ማንኮራፋቱ ብቻ አልነበረም፤ ትንፋሹም አይሰማም።

የስልኬን መብራት አብርቼ አየሁት። አፉ ተከፍቷል። አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶታል። ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ሆዱ ይነፋል፤ አየር ግን አይገባም። ከሥራዬ በቀረብኝ ልማድ መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ ሁለት ሰከንድ ላይ ስደርስ፣ ታፍኖ እንደተለቀቀ ሰው አየር ሳበና ተገላበጠ፤ ማንኮራፋቱም ቀጠለ። እስኪነጋ ድረስ ይኸው ነገር ደጋግሞ ተመላለሰ። ጠዋት ፒጃማው በላብ ረጥቦ ነበር።

በነርስነት ከ30 ዓመት በላይ አገልግያለሁ። የሳንባ ምች የያዛቸውን የስንት ሕፃናት ትንፋሽ ሰዓት ይዤ ቆጥሬያለሁ። የገዛ የልጅ ልጄን ትንፋሽ ግን ከዚያ ሌሊት በፊት አንድም ቀን ቆጥሬ አላውቅም ነበር።

«ቅብጠት ነው» ያልነው ነገር

ነገሩ ማንኮራፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ከገናው በፊት በነበሩት ወራት ልጁ ተለውጦብን ነበር። ኳስ ሲባል ጫማውን ሳያስር ይሮጥ የነበረው ልጅ፣ ጓደኞቹ በር ላይ መጥተው ሲጠሩት «ደክሞኛል በሏቸው» ይል ጀመር። ጠዋት ከአልጋ ለማንሳት ትግል ነው። ራሴን ያመኛል ይላል። በትንሽ በትልቁ ያለቅሳል፣ ወይም ይቆጣና ጥጉን ይዞ ያኮርፋል። ከተወው ብዙ ጊዜ የሆነው አልጋ ላይ መሽናትም ተመለሰበት። ከትምህርት ቤት «ክፍል ውስጥ ይፈዛል፣ ከልጆች ጋር አይጫወትም» የሚል መልእክት መጣ።

አባቱ «ስልክ ነው ያበላሸው» ብሎ ስልኩን ቀማው። አያቱ «ቅብጠት ነው» አለ። እናቱ አስጠኚ ቀጠረችለት። እኔ፣ ነርሷ፣ «ወስፋት ይሆናል» ብዬ የትል መድኃኒት እንዲወስድ አደረግሁ። ሁላችንም ያደረግነው ለልጁ ብለን ነው። ማታ እንዴት እንደሚተኛ ግን ማናችንም አልጠየቅንም።

አንድ ምሽት ወላጆቹ በፈተና ውጤቱ የተነሳ ሲጨቃጨቁ ልጁ መሀላቸው ገብቶ «እኔ ባልኖር እኮ አትጣሉም ነበር» አለ። እናቱ ይህን ስትነግረኝ እንባዋ ይወርድ ነበር። የ8 ዓመት ልጅ እንዲህ ሲል «አፉ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

በእንቅልፍ ውስጥ ምን ይሆናል?

ጉሯችን ውስጥ በግራና በቀኝ ቶንሲል የሚባሉ እጢዎች አሉ። ከአፍንጫ ጀርባ፣ በመስታወት የማይታይ ቦታ ላይ ደግሞ አዴኖይድ የሚባል ሌላ እጢ አለ። ሁለቱም የሰውነት መከላከያ አካል ናቸው። ከ2 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ እነዚህ እጢዎች ከልጁ ጉሮሮ ስፋት አንጻር ሲታዩ ትልቅ ይሆናሉ። ጉንፋን የሚደጋገምበት፣ አለርጂ ያለበት ወይም ጭስ በሚበዛበት ቤት የሚያድግ ልጅ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ሊያብጡ ይችላሉ።

ልጁ ነቅቶ ሳለ የጉሮሮ ጡንቻዎች መተንፈሻውን ከፍተው ይይዙታል። ሲተኛ ጡንቻዎቹ ይላላሉ። መንገዱ በእጢ የጠበበ ከሆነ አየሩ እየታሸ ሲያልፍ ድምፅ ያወጣል፤ ማንኮራፋት የምንለው ይህንን ነው። ይበልጥ ሲጠብ አየሩ ይቀንሳል ወይም ለሰከንዶች ይቋረጣል፤ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ሊወርድ ይችላል። ሐኪሞች ይህን የእንቅልፍ አፕኒያ ይሉታል። አንጎል አደጋውን ሲያውቅ ልጁን ለአፍታ ቀስቅሶ እንዲተነፍስ ያደርገዋል። ልጁ መንቃቱን አያስታውስም። እናት የምታየው 10 ሰዓት ሙሉ የተኛ ልጅ ነው፤ አንጎሉ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲቀሰቀስ ነው ያደረው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በልጆች ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ነው። ይህ ክፍል የሚረዝመው ደግሞ ወደ ንጋት ነው። ስለዚህ ልጁ እንደተኛ ገባ ብለው አይተው «ምንም የለበትም» የሚሉ ወላጆች ሊሳሳቱ ይችላሉ። እኔም የደረስኩበት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነቅቼ ስለነበረ ነው።

የሚያንኮራፋ ልጅ ሁሉ ግን ታሟል ማለት አይደለም። በጉንፋን ጊዜ ማንኮራፋት የተለመደ ነው። ከመቶ ልጆች አሥር ያህሉ ዘወትር ሊያንኮራፉ ይችላሉ፤ አፕኒያ የሚገኝባቸው ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ናቸው። የሚያሳስበው ጉንፋን ሳይኖር በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ የሚያንኮራፋው ልጅ ነው።

ከትንፋሽ ወደ ስሜት

በቋንቋችን ማንኮራፋትና ማኩረፍ በድምፅ ይቀራረባሉ። በልጆች ሕክምናም ይቀራረባሉ።

እንቅልፍ ያጣ አዋቂ ሰው ያንቀላፋል። እንቅልፉ የተቆራረጠበት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ይነጫነጫል፣ ይቁነጠነጣል፣ ያለቅሳል፣ ይቆጣል። ምክንያቱ ቅብጠት አይደለም። ስሜትን የሚገራው የአንጎል የፊት ክፍል ያለ በቂ እንቅልፍ በደንብ አይሠራም። ፍርሃትንና ቁጣን የሚያስነሳው የውስጠኛው ክፍል በበኩሉ ትንሹን ነገር እንደ ትልቅ አደጋ ይቆጥረዋል። ሌላ ጊዜ «ይቅርታ» ተባብለው የሚያልፉት የጓደኛ ቀልድ በዚያ ቀን ልብ ይሰብራል።

በዚህ ላይ የኑሮው ጣጣ ይጨመራል። የደከመው ልጅ ትምህርቱን ይረሳል፣ ይቆጡታል። አልጋ ላይ ይሸናል፣ ያፍራል። ጨዋታ ያቅተዋል፣ ጓደኞቹ ይተውታል። ቀስ በቀስም «እኔ ሰነፍ ነኝ፣ እኔ መጥፎ ነኝ» ብሎ ያምናል። በትንፋሽ የተጀመረው ነገር እንዲህ እያለ ልብ ውስጥ ይገባል።

መንገዱ ግን የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ድባቴ ራሱ እንቅልፍ ይነሳል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ደግሞ ለሁለቱም መንስኤ ሊሆን ይችላል፤ መተንፈሻን ያጠባል፣ በእኩዮች መሳለቂያም ያደርጋል። ስለዚህ ያዘነ ልጅ ሁሉ ቶንሲል አለበት አልልም። ሐዘን የደረሰበት፣ ወላጆቹ የተለያዩበት፣ በትምህርት ቤት የሚደበደብ ልጅም ያዝናል። የምለው አንድ ነገር ነው። የልጅ ጠባይ ሲለወጥ ከምንጠይቃቸው ጥያቄዎች መሀል «ማታ እንዴት ነው የሚተነፍሰው?» የሚለው አይቅር።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1889 አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ዊልያም ሂል፣ በትምህርት ወደ ኋላ የሚቀሩ ልጆችን በአፋቸው ከመተንፈስና ከታገደ አፍንጫ ጋር አያይዞ ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ1976 ክርስቲያን ጊልሚኖ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው አፕኒያ የነበረባቸውን 8 ልጆች ታሪክ ካሳተሙ ወዲህ ግን የሕፃናት ሐኪሞች በቁም ነገር ያዩት ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ1998 ዴቪድ ጎዛል የተባሉ ሐኪም በአሜሪካ በአንደኛ ክፍል ውጤታቸው እጅግ ዝቅ ያለ 297 ልጆችን መርምረው ነበር። በእንቅልፍ ጊዜ የአየር ልውውጥ ችግር የተገኘባቸው 54 ናቸው። የ24ቱ ወላጆች ለቀዶ ሕክምና ተስማሙ፤ የእነዚህ ልጆች ውጤት በሁለተኛ ክፍል ተሻሻለ። ያልታከሙት ላይ ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት ከ11 ሺህ በላይ ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የተከታተለ ነው። በሕፃንነታቸው ያንኮራፉ፣ በአፋቸው ይተነፍሱና ትንፋሻቸው ይቆራረጥ የነበሩት ልጆች በ4 እና በ7 ዓመታቸው የጠባይና የስሜት ችግር ከሌሎቹ በበለጠ ታይቶባቸዋል። ስለ ድባቴ በተለይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ቀደም ያሉ ጥናቶችን አሰባስቦ የመዘነ ሥራ ወጥቷል። አፕኒያ ያለባቸው ልጆች የድባቴ ምልክት እንደሚበዛባቸው፣ ከቶንሲልና አዴኖይድ ቀዶ ሕክምና በኋላም ምልክቱ እንደሚቀንስ አመልክቷል።

የሌላው ወገን እውነትም መነገር አለበት። በዚያው በ2013 ከ5 እስከ 9 ዓመት የሆኑ 464 ልጆችን በሁለት ከፍሎ ያነጻጸረ የአሜሪካ ጥናት ታትሟል። ግማሾቹ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ሌሎቹ በክትትል ቆዩ። ከ7 ወር በኋላ የተሠራላቸው ልጆች ጠባይ፣ እንቅልፍና የዕለት ኑሮ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በትኩረት ፈተና ላይ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። የእንቅልፍ ምርመራቸው ወደ ጤናማ የተመለሰው ከተሠራላቸው 79 በመቶው ሲሆኑ፣ ሳይሠራላቸው ከቆዩትም 46 በመቶው በራሳቸው ተሽሏቸዋል። ስለዚህ ቢላ ለሁሉም አይደለም፤ ሐኪም ያየው ልጅ በክትትል ሊጠበቅም ይችላል።

የልጅ ድባቴ ምን ይመስላል?

ብዙዎቻችን ድባቴ ሲባል የሚታየን አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ አዋቂ ነው። ልጅ ላይ መልኩ ይለያል። ከሐዘን ይልቅ ቁጣና መነጫነጭ ሊበዛ ይችላል። ይወደው የነበረውን ጨዋታ ይተዋል። ከሰው ይሸሻል። ሆዴን፣ ራሴን እያለ ይደጋግማል፤ ሲመረመር ምንም አይገኝም። ምግብ ይቀንሳል ወይም ያበዛል። ራሱን ይጠላል። ይህ ሁኔታ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ከቆየ ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

ልጁ ስለ ሞት፣ «ባልኖር ይሻላል» ስለማለት ወይም ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ ደግሞ አይቆጡት፣ አይሳቁበትም፣ ቀጠሮም አይጠብቁለት። አጠገቡ ተቀምጠው በእርጋታ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ሸክሙን ያቀልለታል። መድኃኒት፣ በረኪና፣ የተባይ መርዝና ስለታማ ነገር ከእጁ ያርቁ፤ ብቻውንም አይተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ቶንሲል ይሁን ሌላ የሚለው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

በቤትዎ የሚያዩት

ልጅዎ አጠገብ ለጥቂት ሌሊቶች ይቀመጡ፤ በተለይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ። የሚከተሉትን ያስተውሉ፦

– ጉንፋን ሳይኖረው በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ ያንኮራፋል?
– ትንፋሹ ቆሞ፣ ከዚያ እንደመታፈን ብሎ ይቀጥላል?
– አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ወይም ተቀምጦ ይተኛል?
– እጅግ ያልበዋል? ሌሊቱን ሙሉ ይገላበጣል?
– ትቶት የነበረው አልጋ ላይ መሽናት ተመልሷል?
– ጠዋት ራሱን ያመዋል? አፉ ደርቆ ይነሳል?
– ቀን ይፈዛል፣ ይቁነጠነጣል፣ በትንሽ ነገር ያለቅሳል?
– ክብደቱ ወይም ቁመቱ እንደ እኩዮቹ አይጨምርም?

ስለ አልጋ ላይ መሽናት አንድ የምጸጸትበት ነገር ልናገር። በወጣትነቴ በምሠራበት ጤና ጣቢያ አንዲት እናት የ7 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ብትመክረውም ብትገርፈውም አልጋ ላይ መሽናቱን አልተወም። እኔም «ማታ ውኃ አትስጪው፣ ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት ውሰጂው» ብዬ ሰደድኳት። ልጁ ወንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ ዐይኔ አይቶ ነበር። ይሁንና ስለ እንቅልፉ አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም። ትንፋሽ ሲታገድ ልብ ላይ ጫና ይፈጠራል፤ ልብም ሽንት የሚያበዛ ሆርሞን ያመነጫል። በዚያ ላይ የደከመው ልጅ ፊኛው ሲሞላ አይነቃም። ያ ልጅ የተገረፈው ምናልባት ከእሱ አቅም በላይ በሆነ ነገር ይሆናል። ዛሬ የት እንዳለ ባውቅ ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

ሐኪም ቤት ሲሄዱ

ከሁሉ በፊት ሌሊት ልጁ ሲተኛ በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹ። ፊቱና ደረቱ ይታይ፣ ድምፁም ይሰማ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ልጅ ምርመራ ክፍል የሚገባው ነቅቶ ነው፤ ሐኪሙ ሌሊቱን የሚያየው እርስዎ ባመጡት ቪዲዮ ነው። የእኛም ልጅ ጉዳይ ቶሎ መስመር የያዘው በዚሁ ቪዲዮ ነው።

በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ወይም የሕፃናት ሐኪም ይጀምሩ። አስፈላጊ ሲሆን ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይጽፉልዎታል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ፣ ለመደበኛ የጤና ክትትል የመጣ ልጅ ሁሉ «ያንኮራፋል ወይ?» ተብሎ እንዲጠየቅ መክሯል። ካልጠየቁዎት እርስዎ ይናገሩ። የጠባዩንም ለውጥ አይደብቁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይሉ የለ? ወላጆች ስለ ቶንሲሉ ለአንዱ ሐኪም፣ ስለ ኩርፊያው ለመምህሩ፣ ስለ ሽንቱ ለጎረቤት እየነገሩ አንዱ ሐኪም ሁሉንም ሳይሰማ ይቀራል።

ትክክለኛው መለኪያ ልጁ በሆስፒታል አድሮ ትንፋሹ፣ ኦክስጅኑና የአንጎሉ እንቅልፍ የሚመዘገብበት ምርመራ ነው። ይህ በአገራችን በየሆስፒታሉ የሚገኝ ስላልሆነ፣ ሐኪሞች ታሪኩን፣ የአካል ምርመራውንና አንዳንዴም የራጅ ወይም የኦክስጅን መለኪያ ውጤቱን አይተው ይወስናሉ።

ቀለል ያለ ከሆነ ለሳምንታት የሚወሰድ የአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። አንዳንዴ ሞንቴሉካስት የተባለ ክኒንም ይሰጣል። ይህን መድኃኒት በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የጠባይ መለወጥን፣ ድባቴንና ቅዠትን ሊያስከትል ይችላል። ልጅዎ ቀድሞም ስሜቱ የተጎዳ ከሆነ ይህንን ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። ወፍራም ልጅ ክብደቱን ማስተካከል ይኖርበታል። እጢዎቹ ትልቅ ሆነው አፕኒያው ከበረታ ቶንሲልና አዴኖይድን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ዋናው ሕክምና ነው።

እንጥል ማስቆረጥ ሕክምና አይደለም

ለአያቶች በተለይ ይህን እላለሁ። በእኛ ዘመን ልጅ ጉሮሮው ሲታመም ወደ አዋቂ ተወስዶ እንጥሉ ይቆረጥ ወይም ቶንሲሉ ይቧጠጥ ነበር። እንጥል ማለት ከላንቃ ወርዳ የምትንጠለጠለው ትንሿ ሥጋ ናት። ቶንሲልም አዴኖይድም አይደለችም፤ እሷን መቁረጥ የታገደውን መንገድ አይከፍትም። ባልተቀቀለ ምላጭና በጥፍር የሚደረገው ነገር ግን ደም ያፈሳል፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ኤች.አይ.ቪንና ሌላ ኢንፌክሽንን ያመጣል። ለዚህ የሞቱ ልጆችን በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ። የሆስፒታሉ ቀዶ ሕክምና በማደንዘዣ፣ በንጹሕ መሣሪያና በሰለጠነ እጅ የሚሠራ ሌላ ነገር ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ልጁ ለአንድ ሁለት ሳምንት ጉሮሮውን ያመዋል። ፈሳሽ ደጋግመው ይስጡት። በቁስሉ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር መግል አይደለም፣ የመዳን ምልክት ነው። ትኩስ ቀይ ደም ከተፋ፣ ደም ካስመለሰ ወይም ተኝቶ ሳለ ደጋግሞ ከዋጠ ግን፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይመለሱ። ይህ አደጋ የሚበዛው በመጀመሪያው ቀንና ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ለሕመሙ ሐኪሙ ካዘዘው በቀር ምንም አይስጡት። በተለይ ኮዴይን ያለበት መድኃኒትና አስፕሪን ለእንዲህ ያለ ልጅ አይሰጥም፤ ኮዴይን ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል።

በቤት ውስጥ የሚደረግ

ጭስ ያብጠውን እጢ ያባብሳል። ልጁ በሚተኛበት ክፍል ሲጋራ አይጨስ፣ ከሰል አይቀጣጠል። ዕጣኑም ቢሆን መስኮት ተከፍቶ፣ ልጁ ከመተኛቱ ብዙ አስቀድሞ ይሁን። ፍራሽና ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። የቆየ አፍንጫ መዘጋት ካለ ይታከም።

የመኝታ ሰዓትንም እናክብር። የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ3 እስከ 5 ዓመት ለሆኑ ልጆች ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ለሆኑት ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራሉ። ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ የ8 ዓመት ልጅ ቢዘገይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። በየቤታችን ግን በዚያ ሰዓት ገና ቴሌቪዥን ይታያል።

የእኛ ልጅ

የልጅ ልጄ ቶንሲሉና አዴኖይዱ ወጣለት። ወረፋው ሁለት ወር አስጠብቆናል፤ እስከዚያው እኔ አጠገቡ እተኛ ነበር። ከዚያ ንግግሩ የተነሳ ደግሞ ቀዶ ሕክምናውን ሳንጠብቅ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያየው አደረግን። አባቱ መጀመሪያ «ልጄ እብድ አይደለም» ብሎ ነበር። ባለሙያዋ ግን ልጁን ብቻ ሳይሆን ወላጆቹንም አነጋገረች። በልጁ ፊት ስለ ውጤት መጨቃጨቅ እንዲቆም የተስማሙት እዚያ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማንኮራፋቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠፋ። አልጋ ላይ መሽናቱ ቀስ በቀስ ተወው። ስሜቱ ግን እንደ መብራት በአንድ ጊዜ አልበራም። ለወራት «እኔ ሰነፍ ነኝ» ማለቱን አልተወም፤ አንጎሉ ማረፍ ቢጀምርም ልቡ የለመደውን ለመርሳት ጊዜ ፈልጓል። ከባለሙያዋ ጋር የነበረው ቀጠሮ እስከ ክረምት ቀጠለ። አንድ ቀን አያቱ «ቅብጠት ነው ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ» ሲለው፣ ልጁ ምንም ሳይመልስ ሄዶ ጉልበቱ ላይ ተቀመጠ።

አሁን 10 ዓመት ሆኖታል። ጓደኞቹ በር ላይ ሲጠሩት ምሳውን ሳይጨርስ ይወጣል፤ እናቱም ትቆጣዋለች። እኔ አንዳንድ ሌሊት አሁንም እነቃና ወደ ክፍላቸው ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። ትንፋሹ አይሰማም፤ ጠጋ ብዬ ካላየሁ መተንፈሱን አላውቅም። ጤነኛ ልጅ የሚተኛው እንዲህ ነው።

ዛሬ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነሱና ልጃችሁ አጠገብ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ። ወጪ የለውም።